ክብደት የተጨመረበት ብርድ ልብስ፦ ለማን፣ በምን ያህል ክብደት፣ እንዴትስ ይዘጋጃል?



ውድ አንባቢያን፣ ወላጁን በሞት ያጣ ሕፃን ሐዘኑን በቀን ላያሳይ ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት የዋለው ልጅ መብራት ሲጠፋ እንቅልፍ ይርቀዋል፤ ሌሊት እየባነነ ይነሣል፤ አሳዳጊው ከአጠገቡ እንዳትርቅ ይለምናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅም ሆነ በጭንቀት ምክንያት እንቅልፍ ላጣ ዐዋቂ በአሁኑ ጊዜ በብዛት ከሚመከሩት ነገሮች አንዱ ክብደት የተጨመረበት ብርድ ልብስ ነው። ይህ ጽሑፍ የብርድ ልብሱን ጥቅም፣ አመራረጥና በቤት ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊያስከትል የሚችለውን አደጋ ለአሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ክብደት ለምን ያረጋጋል?

ይህ ብርድ ልብስ በትናንሽ ኪሶች ተከፋፍሎ የተሰፋ ሲሆን፣ በየኪሱ ጥቃቅን የብርጭቆ ዶቃ ወይም የፕላስቲክ እንክብል ይሞላበታል። ክብደቱ በሰውነት ላይ እኩል ሲያርፍ ባለሙያዎች “ጥልቅ ጫና” የሚሉት ስሜት ይፈጠራል፤ ይህም የሚወዱት ሰው አጥብቆ ሲያቅፍ ከሚሰማው ስሜት ጋር ይመሳሰላል። ኦቲዝም ያለባቸው አሜሪካዊት የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ቴምፕል ግራንዲን በወጣትነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በአክስታቸው የከብት እርባታ ውስጥ ከብቶች ግራና ቀኝ በሚይዛቸው መሣሪያ ሲጫኑ እንደሚረጋጉ ተመለከቱ። ከዚያም ለራሳቸው ሰውነትን የሚጫን መሣሪያ ሠርተው ጭንቀታቸውን አቀለሉበት፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ጫና ስላለው የማረጋጋት ውጤት የምርምር ጽሑፍ አሳተሙ።

ምርምር ምን ያሳያል?

በስዊድን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት የአእምሮ ጤና እክልና የእንቅልፍ እጦት ያለባቸውን 120 ሰዎች በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ አንደኛው በብረት ሰንሰለት የከበደ፣ ሌላኛው ቀላል ብርድ ልብስ ለ4 ሳምንታት እንዲጠቀም አደረገ። ከባዱን የተጠቀሙት በእንቅልፋቸው ላይ ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል። በአንጻሩ በእንግሊዝ ኦቲዝም ባለባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 16 ዓመት በሆነ 67 ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ከባዱ ብርድ ልብስ ልጆቹ የሚተኙበትን ሰዓት እንዳላራዘመ አረጋግጧል። ያም ሆኖ ልጆቹም ወላጆቻቸውም ከተራው ይልቅ ከባዱን ወደውታል።

ከሁለቱ ጥናቶች የምንማረው ብርድ ልብሱ ምቾትና መረጋጋት ሊሰጥ እንደሚችል፣ ነገር ግን የልጅን የእንቅልፍ ችግር የሚፈውስ መድኃኒት አለመሆኑን ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አደጋ

እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ኩቤክ አንድ የ9 ዓመት ልጅ በከባድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሕይወቱ አልፏል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ለጨቅላ ሕፃናት እንዳይደረግ አሳስቧል። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ለድርድር የሚቀርቡ አይደሉም።

– ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም።
– ልጁ ያለማንም እርዳታ በራሱ እጅ ገፍቶ መጣል መቻል አለበት። ይህን ቀን፣ ልጁ ነቅቶ ሳለ፣ ደጋግሞ ማስሞከር ያስፈልጋል።
– ፊትንና አንገትን ፈጽሞ መሸፈን የለበትም፤ ልጁንም መጠቅለል ክልክል ነው።
– አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጡንቻ ድካም ወይም በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ላለበት ሰው ሐኪም ሳይማከር አይሰጥም።
– ለቅጣት ወይም ልጅን አስገድዶ ለማስተኛት አይውልም።

ክብደቱን መምረጥ

የተለመደው መመዘኛ የተጠቃሚውን የሰውነት ክብደት አንድ ዐሥረኛ መውሰድ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 2 ኪሎ፣ 30 ኪሎ ለሚመዝን 3 ኪሎ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ዐዋቂ 6 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ከልምድ የመጣ መነሻ እንጂ በምርምር የጸደቀ ሕግ ባለመሆኑ፣ ጥርጣሬ ካለ ቀለል ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ለጋሾችም በዚህ ረገድ ሊጠነቀቁ ይገባል። አንድ ዓይነት ክብደት ያላቸውን ብርድ ልብሶች በጅምላ ገዝቶ ለተለያየ ዕድሜ ልጆች ማከፋፈል ከመልካም ሐሳብ የመነጨ ቢሆንም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ለዐዋቂ የተሠራ 5 ኪሎ ብርድ ልብስ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የሰውነቱን ሩብ ያህል ሸክም ነው። ስለሆነም አስቀድሞ የእያንዳንዱን ልጅ ክብደትና የጤና ሁኔታ ከአሳዳጊው መጠየቅ ግድ ይላል።

ከመግዛት ወይም ከመስፋት በፊት ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ጋቢ አጥፎ ልጁ በተቀመጠበት ጭኑ ላይ ማኖርና መረጋጋቱን ወይም መጨነቁን ማየት ነው። ወዲያው ገፍቶ የሚጥለው ከሆነ ነገሩ ለእርሱ አይስማማውም ማለት ነው።

በቤት ውስጥ አሠራር

25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ጠቅላላው ክብደት 2.5 ኪሎ ይሁን። ጨርቁ ከነሽፋኑ 500 ግራም ቢመዝን ለመሙያ የሚቀረው 2 ኪሎ ነው።

1. ስፋቱ 84፣ ርዝመቱ 104 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ጠንካራ አቡጀዲ ይቆረጣል። በየጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲተው 80 በ100 ይሆናል።
2. ሁለቱን ደርቦ ሦስቱን ጎን በድርብ ስፌት መስፋትና መገልበጥ፤ የላይኛው ክፍት ይተዋል።
3. ከታች ወደ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሲሰፋ 8 ረጃጅም ቦዮች ይገኛሉ።
4. በየቦዩ 25 ግራም መሙያ ጨምሮ ወደ ታች ማራገፍ፣ ከዚያም በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት አግድም መስፋት። መርፌው እንዳይሰበር መሙያውን ከስፌቱ መሥመር ማራቅ ያስፈልጋል።
5. ይህ 10 ጊዜ ሲደጋገም 80 ኪሶች ይሞላሉ፤ በመጨረሻ የላይኛው ጠርዝ በድርብ ስፌት ይዘጋል።

ሩዝ፣ ገብስና ሌላ እህል ለመሙያ አይመከርም፤ አይታጠብም፣ ይሻግታል፣ ነቀዝም ያፈራል። አሸዋም አቧራና እርጥበት ይይዛል። የተሻለው ዶቃ ወይም የፕላስቲክ እንክብል ነው። የፈራ ልጅ ሌሊት መኝታውን ሊያረጥብ ስለሚችል፣ ወጥቶ የሚታጠብ ስስ የጥጥ ሽፋን ማዘጋጀት ይገባል። ከተተረተረ ስፌት የወጣ ዶቃ ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ስለሚችል በየሳምንቱ ስፌቱን መፈተሽ አይዘንጋ።

አጠቃቀምና ክትትል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ነቅቶ ሳለ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ በእግሩና በጭኑ ላይ ማድረግ ይበቃል። ከለመደው በኋላ በመኝታ ሰዓት ከደረቱ በታች ይደረግለታል፤ አሳዳጊውም ሌሊት እየተነሣ ያየዋል። ላብ ካጠመቀው፣ ትንፋሹ ከከበደ ወይም “አልፈልግም” ካለ ወዲያው ይነሣለት። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ከመኝታ በፊት ጭን ላይ ብቻ መጠቀም ይሻላል። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ልጁ ምግብ ከተወ ወይም በየሌሊቱ በቅዠት ከጮኸ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከሒራ ዋሻ እየተንቀጠቀጡ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ እንዲሸፍኗቸው መጠየቃቸውን ከሲራ እናውቃለን። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ግን በመሸፈን ብቻ አላበቁም፤ ፍርሃቱ ሲለቃቸው የገጠማቸውን አዳመጡ፣ በመልካም ቃልም አጽናኗቸው። ሌሊት የሚባንነው የቲምም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በልክ የተሠራ ብርድ ልብስ አካሉን ያረጋጋል፤ ከአጠገቡ ተቀምጦ የሚያዳምጠውን ሰው ግን አይተካም። አላህ ለልጆቻችን ሰላማዊ እንቅልፍን ይወፍቅልን።