የጠዋት ኳኳታ ያገለገለ መኪና ዋጋ ላይ የሚለው አለው

ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ተነስቶ ጨንቻ የሚገባ መኪና 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,400 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ቆላ ላይ ድምፁ የማይሰማው ሞተር ጨንቻ አድሮ ሲነጋ ሞቶሪኖው ሲነካ ግን “ቀጭ ቀጭ” ወይም “ኳ ኳ” ማለት ይጀምራል። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ሲሞቅ ደግሞ ዝም ይላል። ባለመኪናው “ብርዱ ነው” ብሎ ያልፈዋል። ያ ድምፅ አንዳንዴ በእርግጥ ብርድ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ግን የአንድ ሙሉ ሞተር ዋጋ ነው። ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ ዕዳ ገዝቶ ይመለሳል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን እንደ ዕድሜያቸው ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የምንዛሪ ሥርዓቱ ተለውጦ ብር ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ ሲያሽቆለቁል የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ናረ። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እጅ በእጅ እየተሸጠ መዝለቁ የማይቀር ሲሆን፣ ሞተር ማውረድም እንደ ድሮው ቀላል ወጪ አይደለም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ገበያ በምሳሌነት ወስዷል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢ ሁሉንም መኪና በጥርጣሬ ዓይን አይቶ ዋጋ ሲቀንስ፣ ደህና መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፤ ብልሹው ይቀራል። ምሁሩ በዚህ ዘርፍ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ገዢው ይህን የዕውቀት ክፍተት በነፃ ከሚያጠብባቸው መንገዶች አንዱ ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ሲነሳ ማዳመጥ ነው።

ሞተር ሲቀዘቅዝ ምን ይሆናል?

መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ከቴስታታው ወደ ታች ወርዶ ቋቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ፖምፓው ዘይቱን እስኪያደርስ ድረስ የላይኛው ክፍል ለጥቂት ሰከንድ በደረቁ ይሠራል። ዘይቱ በብርድ በወፈረ መጠን ለመድረስ ይዘገያል። በሌላ በኩል ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ሲሞቅ ይጠባል። ቆላ ያደረ ሞተር የሚደብቀውን ደጋ ያደረው የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስቱ ድምፆች

አንደኛው ከላይ፣ ከቴስታታው አካባቢ የሚሰማ ቀጭን “ቀጭ ቀጭ” ነው። በዘይት ግፊት የሚሠራ ታፔት ባላቸው ሞተሮች ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ተሰምቶ ቢጠፋ አያስደነግጥም። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የሚታየው የዘይቱ መጠንና ዕድሜ፣ ቀጥሎም ፊልትሮው ነው። ርካሽ ፊልትሮ ዘይቱን ይዞ የሚያሳድረው መከለያ ስለሚጎድለው ወይም ስለማይሠራ መስመሩ ባዶ ሆኖ ያድራል።

ሁለተኛው የባልቦላ ክፍተት መስፋት ነው። በአይሱዙ የጭነት መኪኖችና በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ክፍተቱ በየጊዜው ተለክቶ መስተካከል አለበት። ድምፁ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ባይጠፋ ይህ ይጠረጠራል። መለያው ምቱ ነው፤ የባልቦላው ዘንግ ከዋናው ዘንግ በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር፣ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር አንድ ባልቦላ የሚመታው 400 ጊዜ ነው። ጥገናው ከሌሎቹ ሲነጻጸር ቀላል ነው።

ሦስተኛው የጭስ መውጫ ጓርኒሲዮን ማፈትለክ ነው። ድምፁ ባልቦላ ይመስላል፤ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ቀዳዳው ስለሚደፈን ይጠፋል። ነዳጅ ሲረገጥ ድምፁ ከጨመረና በመጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ከታየ ምንጩ ይኸው ነው። ስለዚህ አይነት ድምፅ ተብሎ ቴስታታ የሚያስወርድ ባለመኪና ገንዘቡን ያለ ጥቅም ያፈሳል።

አራተኛው ደነዝ ያለ፣ ባዶ ጣሳ የመምታት ያህል “ኳ ኳ” ነው። ያረጀ ፒስተን የሲሊንደሩን ግድግዳ እየመታ ነው ማለት ነው። ሲሞቅ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ሞተሩ በማግስቱ አይቆምም፤ ነገር ግን ዕድሜው እየተገባደደ መሆኑን ይናገራል። ከዚህ ጋር ሰማያዊ ጭስ ከታየ ፋሻውም እንደሄደ መገመት ይቻላል።

አምስተኛውና አስፈሪው ከታች የሚመጣ ከባድ ምት ነው። ብሮንዚን ሲበላ ይህ ድምፅ ይሰማል። ጠዋት የዘይት ግፊት እስኪሞላ ይሰማና፣ ከሌሎቹ በተቃራኒ ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ ሲቀጥን ወይም ጭነት ሲበዛ ይብሳል። የዘይት መብራቱ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ካልጠፋ መኪናው ወዲያውኑ መቆም አለበት። እንዲህ ያለውን ሞተር “ጋራዥ ድረስ ላድርሰው” ብሎ መንዳት ዋናውን ዘንግ ያስበላል።

የናፍጣ ሞተር ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። ናፍጣ የሚቃጠለው በታመቀ አየር ሙቀት በመሆኑ፣ እንደ ጨንቻ ባለ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ አየሩ ስስና ብርድ ሲሆን ቃጠሎው ይዘገይና የተጠራቀመው ነዳጅ ባንዴ ይነዳል። የሚሰማው ኳኳታ ከነጭ ጭስ ጋር ታይቶ በጥቂት ደቂቃ ከቀነሰ የተፈጥሮ ነው። ካልቀነሰ ኢንጀክተሩና የማሞቂያው ካንዴላ ይመርመሩ።

ገዢ ምን ያድርግ?

ቀጠሮው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይሁን፤ ሻጩም ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳ ይነገረው። ገዢው ሲደርስ ኮፋኖውን አስከፍቶ ሞተሩን በእጁ ይዳስስ። ለብ ካለ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነውና ቀጠሮው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ቀጥሎ የዘይት መለኪያው ይውጣ። እንደ ማር የወፈረ ዘይት የታችኛውን ምት ለማፈን የተጨመረ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ አለበት። ሞተሩ ሲነሳ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ያዳምጥ፤ ድምፁ ከየት መጣ፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ሲሞቅ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን ይያዝ። የረዥም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታው ጆሮ ላይ ሲደረግ የድምፁ ቦታ ይለያል፤ ቺንጋውንና ቬንቲላተሩን ግን መጠንቀቅ ያሻል።

ድርድሩም በዚሁ ይቀረጻል። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ባልቦላና ጓርኒሲዮን ከዋጋው ላይ ተቀናሽ ተደርገው መኪናው ሊገዛ ይችላል። የፒስተን ድምፅ ያለው መኪና የሞተር እድሳት ወጪ ታስቦ ካልሆነ አይነካም። ከታች የሚመታውን ትቶ መሄድ ይሻላል።

ከላንቴና ከጫኖ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ ለሚያደርስ ነጋዴ ኪሳራው እጥፍ ነው። በዚያ ረዥም ጉዞ ሞተር መንገድ ላይ ቢያቆም የሚበሰብሰው ጭነት ጥገናውን አይጠብቅም። ደላላውም ቢሆን ኮሚሽኑን አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ስሙ ግን ከሸጠው መኪና ጋር ይዞራል። የዘይትና የፊልትሮ ወጪ ከአንድ ጭነት ሙዝ ዋጋ ያነሰ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።