ከማኅተሙ የማያንስ ቁልፍ

በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ ማኅተሙ በማን መሳቢያ እንደሚቀመጥ፣ በቼኩ ላይ የማን ፊርማ እንደሚያርፍ፣ የመጋዘኑንም ቁልፍ ማን እንደሚይዝ ከመጀመሪያው ተለይቶ የታወቀ ነው። ይህ ሥርዓት የተመሠረተው ሠራተኛን ለመጠርጠር ሳይሆን፣ ማናቸውም ሥራ ኀላፊ እንዳያጣ ለማድረግ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ወደ ቢሮአችን የገባ ሌላ ቁልፍ አለ፤ እርሱም ለማን እንደሚገባ ሳይወሰን በሁሉም እጅ ሲዞር ይታያል።

ከመስቀል አደባባይ አንሥቶ እስከ ካዛንቺስ ባሉት ሕንፃዎች ቢሮ ያለው አስመጪ ወይም ላኪ፣ ከትራንዚተሩና ከባንኩ እንዲሁም በውጭ አገር ካለው አቅራቢው ጋር የሚጻጻፈው ዛሬ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ነው። ለሠራተኞች የጋራ ሥራ ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች መካከል ማይክሮሶፍት ቲምስና ስላክ የታወቁ ናቸው። በእነዚህም ውስጥ ማንኛውም ጸሐፊ የፕሮግራም ትምህርት ሳያስፈልገው አውቶማቲክ ትእዛዝ የሚያዘጋጅበት መሣሪያ አብሮ ተሠርቶ ይገኛል። ለምሳሌ ከአቅራቢ ፕሮፎርማ ሲደርስ ወረቀቱ በፋይሉ እንዲቀመጥ፣ ሒሳብ ሹሙም ወዲያው እንዲያውቀው ማዘዝ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሰው ቢተኛም ትእዛዙ አይተኛም። ይህ ጊዜን የሚያተርፍ ጥቅም መሆኑ አይካድም።

ይሁን እንጂ ይኸው መሣሪያ የደንበኞችን ስም ዝርዝርና የዋጋ ማቅረቢያን ከቤቱ ውጭ ወዳለ የግል ኢሜይል ሊያጓጉዝ ይችላል። ደግሞም ትእዛዙ የሚሠራው ባዘጋጀው ሠራተኛ ስም ነው። ሠራተኛው ሥራውን ለቆ የተጠቃሚነት ስሙ በተዘጋ ጊዜ ትእዛዙ ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ግንኙነቱም ሲቋረጥ ይቆማል። ቤቱ ይህን የሚያውቀው ምናልባት የባንክ ሰነድ የሚቀርብበት ቀን ካለፈ በኋላ ይሆናል።

ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሞዴል ሕግ፣ በአንድ ሰው ታዝዞ በራሱ ከሚሠራ ሲስተም የተላከ መልእክት፣ ያ ሰው ራሱ እንደ ላከው ይቆጠራል። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ስለዚህ «ኮምፒዩተሩ ነው የላከው» ማለት ነጋዴውን ከኀላፊነት ያድነዋል ብሎ ማመን አይገባም።

ትልልቅ ተቋሞች እንኳ ከዚህ ዓይነቱ ፈተና ነፃ አይደሉም። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንዳንድ ደንበኞች በአንድ ሌሊት በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አውጥተዋል። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ይካሄድ የነበረ ሥራ መሆኑን ገለጸ፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ግን ብዙ ቀን ደከመ። ኮምፒዩተር የሚሠራውን ስሕተት ከሰው ስሕተት የሚለየው ፍጥነቱ ነው፤ አንድ ጸሐፊ በቀን አሥር ደብዳቤ ቢሳሳት፣ አውቶማቲክ ትእዛዝ እስኪነቃበት ድረስ ሺህ ይሳሳታል።

እንግዲህ መሣሪያውን በሙሉ መዝጋት ይሻላልን? ይህም መልካም ምክር አይደለም። በቢሮው ሶፍትዌር የተከለከለ ሠራተኛ ሥራውን በግል ስልኩ ወደ ቴሌግራም ይወስደዋል፤ በዚያም የባለቤቱ ዓይን አይደርስበትም። መስቀል አደባባይ ከየአቅጣጫው የሚመጡ መኪናዎች ለብዙ ዘመን ያለ ትራፊክ መብራት የሚተላለፉበት ቦታ ነበር። የዚያ ሁሉ ችግር መፍትሔ መንገዱን መዝጋት አልነበረም፤ ማን መቼ እንደሚያልፍ መወሰን ነበር።

የንግድ ቤቱም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። በስላክ ውስጥ ትእዛዝ የማዘጋጀት መብት ለተመረጡ ሰዎች ብቻ እንዲሆን የሲስተሙ አስተዳዳሪ መወሰን ይችላል። በቲምስም ወርክፍሎውስ የተባለውን መሣሪያ ለማን እንደሚፈቀድ መለየት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መሣሪያው ከቲምስ ውስጥ ቢዘጋም፣ ያው ተጠቃሚ ፓወር አውቶሜት በተባለው የማይክሮሶፍት አገልግሎት በኩል በቀጥታ ገብቶ ትእዛዙን ሊያዘጋጅ ይችላል። በር ዘግቶ መስኮት ክፍት መተው እንዳይሆን፣ በዚያም በኩል የሚገናኙት አገልግሎቶች ለንግድ ሥራ የተፈቀዱ፣ ከንግድ ሥራ ውጭ የሆኑና ፈጽሞ የተከለከሉ ተብለው በሦስት ሊመደቡ ይገባል።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገሮች ቢጠበቁ ይበጃል። አንደኛ፣ ማናቸውም አውቶማቲክ ትእዛዝ በመዝገብ ይጻፍ፤ ያዘጋጀው፣ የፈቀደውና የሚሠራው ሥራ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ከአንድ በላይ ኀላፊ ይሾምለት፤ ሠራተኛ ሲሰናበትም ቁልፍና ማኅተም እንደሚያስረክብ ሁሉ ትእዛዞቹን ያስረክብ። ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚከፈልበትን ወይም የአቅራቢው የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚለወጥበትን ጉዳይ ኮምፒዩተር ብቻውን አይጨርሰው፤ ሰው በስልክ ጠይቆ ያረጋግጥ።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ባለቤቱ ሲስተሙን የሚያስተዳድረውን ሰው ጠርቶ፣ «በቤታችን ስም ስንት ትእዛዝ በራሱ ይሠራል? ባለቤቱስ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል። መልሱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከቀረበ ቤቱ በደኅና እጅ ላይ ነው፤ መልስ ከጠፋ ግን ማኅተሙ በመንገድ ላይ እንደ ወደቀ ይቆጠር።