የላቲን ግሳዊ ቅጽል፦ ርባታውና የድርጊቱ ባለቤት

የሂዮብ ሉዶልፍ «የኢትዮጵያ ታሪክ» በ1681 እ.ኤ.አ.፣ የአውጉስት ዲልማን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1865 እ.ኤ.አ. የታተሙት በላቲን ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጥናት ተመራማሪ ከላቲን ሰዋስው ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ከሚያሳስቱት ክፍሎች አንዱ ግሳዊ ቅጽል፣ ማለትም ከግስ ተገኝቶ እንደ ቅጽል የሚረባው ቃል ነው። ድርጊቱ የማን እንደ ሆነ የሚጠቁመው የቃሉ መድረሻ ነውና።

«ቬኒየንስ ኤኡም ቪዲ» ማለት «ስመጣ አየሁት» ሲሆን፣ «ቬኒየንቴም ኤኡም ቪዲ» ግን «ሲመጣ አየሁት» ማለት ነው። አማርኛ «ስ» እና «ሲ» ብሎ በመደብ የሚለየውን ላቲን በሙያ ይለየዋል፤ የመጀመሪያው በባለቤትነት ከተናጋሪው፣ ሁለተኛው በተሳቢነት «ኤኡም» (እርሱን) ከሚለው ቃል ጋር ይስማማል። በጊዜ ረገድ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ። «ሲመጣ» ከ«አየሁት»ም ከ«አየዋለሁ»ም ጋር እንደሚስማማ ሁሉ፣ «ቬኒየንቴም»ም የሚናገረው ከዋናው ግስ ጋር በአንድ ጊዜ መፈጸምን ብቻ ነው።

ይህ የአሁን ቅጽል በሦስተኛው የስም ርባታ ይረባል፤ ዘርፉ «ቬኒየንቲስ» ነው፤ ተባዕትና አንስት አይለይም። የኀላፊውና የትንቢቱ ቅጽሎች («ስክሪፕቱስ» የተጻፈ፣ «ስክሪፕቱሩስ» ሊጽፍ ያለ) በተባዕት በሁለተኛው፣ በአንስት በመጀመሪያው ርባታ ስለሚሄዱ አያስቸግሩም።

የሚያስቸግረው የኀላፊው ትርጉም ነው። ይህ ቅጽል በመደበኛ ግሶች ዘንድ ተገብሮ ነው፤ «ጽፎ» ለሚለው ቦዝ አንቀጽ ቀጥተኛ አቻ የለም። አንዳንድ ግሶች ግን ቅርጻቸው ተገብሮ፣ ፍቺያቸው ገቢር ነው። «ሬጌም ሴኩቱስ» ማለት «ንጉሡን ተከትሎ» እንጂ «በንጉሡ ተከትለውት» አይደለም፤ «ሬጌም» ተሳቢ መሆኑም ይህን ያረጋግጣል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ተከታዩንና ተከታዩ የሚከተለውን ያለዋውጣል።

ለሌሎቹ ግሶች ላቲን ስሙንና ቅጽሉን አብላቲቭ በሚባለው ሙያ አጣምሮ ከዓረፍተ ነገሩ ነጥሎ ያኖራቸዋል። «ሊቴሪስ ስክሪፕቲስ አቢዪት» የሚለው በጥሬው «ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ ሄደ» ነው። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ሰዋስው አይናገርም። ብዙ ጊዜ የሄደው ሰው ራሱ ነው፤ ያን ጊዜ «ጽፎ ሄደ» ማለት ያምራል። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ደብዳቤውን የሚጽፈው ሌላ፣ ይዞት የሚሄደው ሌላ ሊሆን ይችላል። ዐውዱ ካልለየው ተርጓሚው «ጽፎ» ሲል ምንጩ ያልሰጠውን ጸሐፊ መፍጠሩ ነውና፣ ለጆሮ ቢከብድም «ከተጻፈ በኋላ» ማለቱ ይመረጣል።