ላኪን፦ ወንበር የማይሸጠው ካፌ

ቻይና ውስጥ ከሁሉም በላይ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ካፌ ስታርባክስ አይደለም። ላኪን ኮፊ ይባላል። ሥራ የጀመረው በ2017 መጨረሻ ቤጂንግ ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2025 መስከረም ቅርንጫፎቹ ከ29,000 አልፈዋል። ስታርባክስ በዚያው አገር 26 ዓመት ለፍቶ የደረሰው 8,000 ገደማ ነው። በመሃሉ ላኪን በሐሰተኛ ሂሳብ ተይዞ ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተባርሯል። እንዲህ ያለ ቅሌት አብዛኛውን ድርጅት ይቀብረዋል፤ ይህኛው ግን ተነሥቶ አደገ። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ተፎካካሪው ምን ይሸጥ እንደነበር ማየት ይበጃል።

ስታርባክስ ቤጂንግ የገባው በጥር 1999 ነው። አገሩ የሻይ አገር ነው፤ ቡና የቀመሰውም ቢሆን ባብዛኛው የሚያውቀው በሙቅ ውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ነበር። ስለዚህ ኩባንያው ከቡናው አስቀድሞ ቦታውን ሸጠ፦ ሶፋውን፣ ሙዚቃውን፣ ከሰው ጋር ለመቀጣጠር የሚያኮራውን አድራሻ። ስታርባክስን ለዓለም ያስተዋወቀው ሃዋርድ ሹልትዝ ካፌን ከቤትና ከመሥሪያ ቤት ቀጥሎ ያለ «ሦስተኛ ቦታ» ይለው ነበር። ዘዴው ሠርቷል፤ ግን ወጪው ብዙ ነው። አንድ ማኪያቶ አዝዞ ከሰዓቱን ሙሉ የሚቀመጥ ደንበኛ አዲስ አበባም አለ፣ ሻንጋይም አለ፤ የወንበሩን ኪራይ የሚከፍለው ግን ባለካፌው ነው። 30 ዩዋን ገደማ በሚሸጥ ላቴ ውስጥ ከቡናውና ከወተቱ ይልቅ ኪራዩና ደመወዙ ይከብዳል።

የላኪን መሥራቾች ቺየን ዚያ እና ሉ ጀንግያው የቡና ሰዎች አልነበሩም፤ የመጡት ከመኪና ኪራይ ንግድ ነው። ምናልባትም ለዚህ ነው ካፌን ያለ ፍቅር፣ በሂሳብ ዓይን ብቻ ያዩት። ወንበሩን አወጡት። አብዛኛው የላኪን ሱቅ እንደ ቢሮ ሕንፃ መግቢያ ባለ ቦታ ላይ የተሸጎጠ ጠባብ መሸጫ ነው፤ ደንበኛው ኩባያውን አንሥቶ ይሄዳል። ገንዘብ ተቀባይ የለም። የሚታዘዘው በስልክ መተግበሪያ ብቻ ነው፤ ክፍያውም በዚያው ነው። ቡናውን የሚፈጨውና የሚጨምቀው ቁልፍ ሲነኩት ራሱ የሚሠራ ማሽን በመሆኑ፣ ባሪስታ የሚባለው ሙያ እዚህ ያን ያህል ቦታ የለውም። (ለቡና ክብር ላለው ሰው ይህ ደስ አይልም፤ ቢሆንም የሺኛው ኩባያ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደረገው ይኸው ነው።)

በስልክ ብቻ መሸጥ ከኪራይ በላይ ሌላ ጥቅም ያስገኛል። ላኪን እያንዳንዱን ደንበኛ በስልክ ቁጥሩ ያውቀዋል፦ በስንት ሰዓት እንደሚጠጣ፣ ስኳር ያበዛ እንደሆነ፣ ለስንት ቀን እንደጠፋ። ለጠፋው ሰው ዳጎስ ያለ ቅናሽ ያለው ኩፖን ይላክለታል፤ በየቀኑ ለሚመጣው ሳሳ ያለ። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ያንኑ ላቴ በተለያየ ዋጋ ሊገዙ ይችላሉ። ተለጥፎ የሚታየው ዋጋ ጌጥ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ዘዴ ሲጀምር ገንዘብ እንደ ውኃ ይጠጣ ነበር። ለአዲስ ደንበኛ የመጀመሪያው ኩባያ በነፃ ነበር፤ ኪሳራውን የሚሸፍነው የባለሀብቶች ገንዘብ ነበር። በግንቦት 2019፣ ከተመሠረተ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ላኪን ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ አክሲዮን ሸጦ 560 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። ከዚያ ጉዱ ፈላ። በጥር 2020 መጨረሻ ማዲ ዋተርስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጸሐፊው ያልታወቀ ባለ 89 ገጽ ሪፖርት ይፋ አደረገ። ሪፖርቱን ያዘጋጁት ሰዎች ከ1,500 የማያንሱ ታዛቢዎችን በየሱቁ አሰማርተው ከ11,000 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ቀርጸው፣ 25,000 የሚሆን ደረሰኝ ለቅመው ነበር። ካገኙት ነገር አንዱ የትእዛዝ ቁጥሮች እየዘለሉ መሄዳቸው ነው፤ ቁጥሩ ያልተሸጠ ኩባያንም ይቆጥር ነበር ማለት ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ካደ፤ በሚያዝያ መግቢያ ግን 2.2 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ የሚሆን ሽያጭ የፈጠራ መሆኑን አመነ። አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከሦስት አራተኛው በላይ ዋጋውን አጣ፤ ሰኔ ላይ ከናስዳክ ወጣ፤ ታኅሣሥ ላይ ኩባንያው 180 ሚሊዮን ዶላር ለመቀጣት ተስማማ። መሥራቾቹም ተባረሩ።

ጠጪው ግን አልሸሸም። የተዘረፈው ባለአክሲዮኑ ነው፤ ጠጪው ርካሽ ቡና አግኝቷል። ቻይናውያን በማኅበራዊ ሚዲያ የአሜሪካ ሀብታሞች ቡና ጋበዙን እያሉ ይሳለቁ ነበር። አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ጉዎ ጂንዪ ያልበጀውን ሱቅ ዘጋ፣ የነፃውን ኩፖን ቀነሰ፤ በትንንሽ ከተሞች ደግሞ የሱቁን ወጪ የሚሸፍኑ ሸሪኮችን አስገብቶ ትርፋቸው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ ድርሻ መውሰድ ጀመረ። ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ምርቱ ይመስለኛል። በ2021 የወጣው የኮኮናት ወተት ላቴ ቡና የማይወደውን ሻይ ጠጪ ጭምር ሳበ። በመስከረም 2023 ማውታይ ከተባለው ዝነኛ የቻይና አረቄ ጋር የተሠራው ላቴ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 5.42 ሚሊዮን ኩባያ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ላኪን በቻይና ሽያጭ ስታርባክስን በለጠ።

ቀጥሎ የመጣበት ተፎካካሪ የሚያስገርም ነው፤ የተባረሩት መሥራቾቹ ናቸው። ሉ እና ቺየን በ2022 ኮቲ ኮፊ የሚባል ሌላ ድርጅት አቋቁመው ከላኪን ሱቆች አጠገብ አጠገብ መክፈት ያዙ። አንዱን ኩባያ 9.9 ዩዋን፣ ወደ 1.4 ዶላር፣ ሲሸጡ ላኪንም ወደዚያው ዋጋ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ኮቲ 8.8 አደረገው። ጨዋታው እነሱ ራሳቸው ያስተማሩት ነበርና ላኪን ለመመከት ትርፉን አሳልፎ መስጠት ነበረበት፤ በ2024 መጀመሪያ ለአንድ ሩብ ዓመት ኪሳራ አስመዝግቧል።

በዚህ መሃል የተጎዳው ስታርባክስ ነው። ዋጋ ቢቀንስ የሶፋውን ኪራይ አይሸፍንም፤ ባይቀንስ ደንበኛው መንገድ ተሻግሮ ይሄዳል። በሰኔ 2025 ቡና ባልሆኑ ቀዝቃዛ መጠጦቹ ላይ ዋጋ ቀነሰ፤ በኅዳር ደግሞ የቻይና ንግዱን እስከ 60 በመቶ ቦዩ ካፒታል ለተባለ የቻይና ኢንቨስትመንት ድርጅት ለመሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። ላኪን በፊናው በዚያው ዓመት ክረምት ኒውዮርክ ላይ ሁለት ሱቅ ከፈተ፤ ለአዲስ ደንበኛ ያቀረበው የ1.99 ዶላር ኩፖን ነበር።

ፉክክሩ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በጥሬ ቡናው በኩል ነው። ኢትዮጵያ ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። የስሙ ዋጋ ግን እንደ ኩባያው ይለያያል። ኮኮናትና ወተት የበዛበት ላቴ የይርጋጨፌን አበባማ ሽታ ይውጠዋል፤ ለእሱ የሚፈለገው በገፍ የሚመጣ፣ ጣዕሙ የማይለዋወጥ ቡና ነው። ላኪን በኅዳር 2024 ከብራዚል እስከ 2029 ድረስ 240,000 ቶን ለመግዛት የተስማማውም ለዚህ ይመስላል። የይርጋጨፌ ሽታ ጎልቶ የሚወጣው ወተት በማይገባበት ጥቁር ቡና ላይ ነው፤ የሚበዛው የላኪን ሽያጭ ግን አሁንም በወተት ነው።