የጉጉት ዘመዶች፦ ከአርክቲክ እስከ ተከዜ ቆላ

እኛ ጋ፣ በአበርገሌዋ ኒሯቅ፣ በረዶ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው አንድ ዓይነት ነው። እንደ ሽምብራ ፍሬ ቆርቆሮውን እየደበደበ ይወርዳል፣ የአበርገሌን ፍየሎች ወደ ጥግ ያባርራል፣ ብዙም ሳይቆይ ቀልጦ ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ ልጆች፣ የበረዶ ጉጉት የሚባል ወፍ አለ ሲሏችሁ በዚህ በረዶ እንዳታስቡት። የእሱ በረዶ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስልሶ ይወርድና ወራት ሙሉ መሬቱን ሸፍኖ ይከርማል። አገሩም አርክቲክ፣ የምድር ሰሜናዊ ጫፍ ነው።

እዚያ ዛፍ የለም። ጉጉቷ እንቁላሏን የምትጥለው ከፍ ያለ ጉብታ ላይ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ ነው። ወንዱ ሲጎለምስ ከበረዶው የማይለይ ነጭ ይሆናል፤ እሷ ግን ጥቁር ጥቁር መስመር ጣል ጣል ያለባት ናት፣ መጠኗም ከእሱ ይበልጣል። ክብደቷ እስከ 3 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ክንፏን ስትዘረጋ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እግራቸው እስከ ጣታቸው በላባ የተሸፈነ ስለሆነ የሱፍ ካልሲ ያጠለቁ ይመስላሉ። ደግሞ ጉጉት በሌሊት ብቻ ያድናል የሚለውን የእኛን ልማድ ያፈርሳሉ፦ በአርክቲክ በጋ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም፣ ስለዚህ እስኪመሽ ልጠብቅ ያለ ጉጉት በረሃብ ያልቃል። በቀን ያድናሉ። ዋና ምግባቸው ሌሚንግ የምትባል አጭር ጭራ ያላት የአይጥ ዘመድ ናት። ሌሚንግ በበዛበት ዓመት እናቲቱ እስከ 11 እንቁላል ትጥላለች፤ በጠፋበት ዓመት አንድም ላትጥል ትችላለች።

ሳይንቲስቶች ይህን ወፍ ቡቦ ከሚባል የትልልቅ ጉጉቶች ወገን ይመድቡታል። ወገኑ ታዲያ እኛም ጋ አለ። አንደኛው ገደልና ብርድ የሚወድ የደጋ ጉጉት ነው፤ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ሳነቴ በሚባለው ውርጫም አምባ ይታያል፣ አይጥና ሽኮኮም ያድናል። እሱም እንደ አርክቲኩ ዘመዱ እግሩ ላባ ለብሷል። ሌላው ግራጫማ፣ ዓይኑ የጠቆረ፣ እንደ ተከዜ ሸለቆ ያለ ደረቅና ድንጋያማ ቆላ የሚስማማው ነው። ድንጋይ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ራሱ ድንጋይ ይመስላል። አስታ በሚበቅልበት ከፍታ ደግሞ ከሌላ ወገን የሆነ፣ ራሱ ላይ ሁለት ቀንድ መሳይ ላባ ያቆመ ጉጉት ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ ከአቢሲንያ የተወሰደ ነው፤ የተሰየመውም በ1843 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ቀንድ መሳይ ላባ ጆሮ እንዳይመስላችሁ፤ እውነተኛው ጆሮ በጎንና በጎን ላባ ሥር ተደብቋል።

ቆላ ላይ ችግሩ ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ጉጉት አያልበውም። ቀኑን ገደል ስንጥቅ ወይም ጥላ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲብስበት አፉን ከፍቶ ጉሮሮውን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል፣ በዚህ ይቀዘቅዛል።

ከሁሉም ለሰው የሚቀርበው ፊቱ እንደ ልብ ቅርጽ የሆነው ነጣ ያለ ጉጉት ነው። ጎጆ መሥራት አይሆንለትም፤ አሮጌ ቤት፣ የዛፍ ቀዳዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይበቃዋል። ዓይኑ እንደ ቱቦ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ አንገቱን ያዞራል። እናንተ አንገታችሁ ውስጥ 7 አጥንት አላችሁ፣ እሱ 14 አለው። ሁለቱ ጆሮዎቹ ደግሞ እኩል ቦታ ላይ አይደሉም፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። የአይጥ ኮሽታ ለአንዱ ቀድሞ ይደርሳል ወይም ጎላ ብሎ ይሰማል፤ በዚያች ጥቂት ልዩነት አይጧ ያለችበትን ቦታ በድቅድቅ ጨለማም ቢሆን ያውቃል። የክንፉ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ስለተተለተለ ሲበር ድምፅ የለውም።

ጉጉት ጮኸ ማለት ሰው ሊሞት ነው የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እኔ እንዲህ ይመስለኛል፦ በሌሊት ነቅቶ፣ ኩራዝ አብርቶ የሚያድር ማን ነው? በሽተኛ ያለበት ቤት ነው። ጉጉቱ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ጮኾ ነበር፤ ሰሚው ግን ተኝቶ ነበር። እንዲያውም የሚቀጥፈው የማሽላችንን ሌባ ነው። አይጥ በመርዝ የሚገደልበት ሰፈር ግን የተመረዘችውን የበላ ጉጉትም ይሞታል።

ጉጉት አይጥ እንደሚበላ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጉጉት ያደነውን አብዛኛውን ጊዜ ሳያደቅ ይውጣል፤ ሥጋው ሲፈጭ ጠጉሩና አጥንቱ ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀርና በአፉ ይተፋዋል። ከሚያድርበት ዛፍ ወይም ጣሪያ ሥር ጠቆር ያለ፣ አውራ ጣት የሚያህል ድቡልቡል ፈልጉ። በደንብ የደረቀውን በእንጨት ፈልቅቁት፣ በእጃችሁ አትንኩት። መጀመሪያ ግራጫ ጠጉር ይፈታል፣ ቀጥሎ ጥፍር የማትሞላ መንጋጋ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ሁለት ረጃጅም ቢጫ ጥርስ ያለው ቅል ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛም ሦስተኛም ቅል አይጠፋም፤ ቁጠሩት።