የአምናው ጥጃና የዘንድሮው እንገር

ጡት የጣለ ጥጃ ተመልሶ መጥባት ሲጀምር መድኃኒት ፈልገው ወደ እንስሳት ሐኪም የሚመጡ ገበሬዎች በመንዝ፣ በጓሳ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። ለዚህ መርፌም ክኒንም የለም። ጥጃው ጤነኛ ነው፤ ላሚቱም ጤነኛ ናት። ቢሆንም ገበሬው ጉዳዩን እንደ ሕመም ቆጥሮ መምጣቱ ትክክል ነው፤ ችላ ከተባለ የሚታመም አለና። እሱም ገና በሆድ ያለው ጥጃ ነው።

የመንዝ ላም እንደ አብዛኞቹ ያገራችን ላሞች ጥጃዋ ሳይቀምስላት ወተቷን አትለቅም። ጠዋት ጥጃው ይፈታል፤ ግቱን እየጎሸመ ጥቂት ይጠባል፤ ወተቱ ሲወርድ ተስቦ ፊቷ ይታሰራል፤ እሷ እየላሰችው ትታለባለች፤ ከዚያ የቀረውን እንዲጨርስ ይለቀቅላታል። ማታም እንዲሁ። በዚህ ልማድ ወራት ያሳለፈ ጥጃ ከግቱ ጋር ያለው ትውውቅ በአንድ ቀን አይቆረጥም። በእኛ አካባቢ ጡት የሚያስጥለው በአብዛኛው ሰው ሳይሆን ላሟ ራሷ ናት። ስታረግዝ ወተቷ እያነሰ ይሄዳል፤ ጥጃው ሲጠጋት ትራገጣለች፤ እሱም ተስፋ ቆርጦ ሣሩን ይይዛል። ባለቤቱ «ጥሏል» ብሎ ይረሳዋል። ከዚያ ላሟ ልትወልድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ማጋት ትጀምራለች። የአምናው ጥጃ አሁን ቀንድ ያበቀለ ወይፈን ወይም ጊደር ሆኗል፤ ግቱ መሙላቱን ግን ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ጊዜው በአብዛኛው የረሃብ ጊዜ ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ሣሩን ያቃጥለዋል። የገብሱ ገለባ እስከ የካቲት ይሳሳል። ለብርዱ ሙቀት የሚሰጥ ምግብ የሚያስፈልገው እንስሳ ሆዱን በደረቅ ገለባ ሞልቶ ያድራል፤ ጉልበት ግን አያገኝም። ወተት ደግሞ እናቱ ዘንድ አለ። እንዲህ ያለውን ጥጃ «አመለኛ» ማለት ልክ አይመስለኝም።

ሁዳዴም የራሱ ድርሻ አለው። በ55ቱ ቀን ቤተሰቡ ወተት አይቀምስም፤ ያለው ለቅቤ ይጠራቀማል። የሚጠጣው ሰው ስለሌለ የጥጃው ጥበቃ ይላላል፤ «ምን ይጎዳል፣ ይጥባ» ይባላል። ለፋሲካ ወተት ሲፈለግ ልማዱ ሥር ሰዷል።

ሌላው እረኛው ነው። ዱሮ ትልልቆቹ ልጆች ላሞቹን፣ ትንንሾቹ ደግሞ ጥጆቹን ለየብቻ ያሰማሩ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ መሆንም ያለባቸው እዚያው ነው። ግጦሹም ጠቧል። አባቶች በቀሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ዘግተው በክፉ ቀን ይከፍቱት ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ አሁን አካባቢው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ይጠበቃል። ጥበቃውን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ያለዚያ ለጣሪያችንና ለገመዳችን የሚታጨድ የጓሳ ሣር ባልቀረ ነበር። ነገር ግን የሰፈሩ ከብት በሙሉ በጠባቡ የወል ሜዳ ይውላል፤ እርጉዟ፣ ጥገቷ፣ ወይፈኑና ጊደሯ ተቀላቅለው፣ ያለ ጠባቂ።

አንዲት እናት ባለፈው በጋ የሁለት ቀን ጥጃ በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። «ዶክተር፣ ይሄው ሦስተኛዬ ነው፤ ሁሉም ተቅማጥ ይዞት ይሄድብኛል» አሉኝ። «እናቴ፣ የአምናው ጥጃ የት ነው?» አልኳቸው። «እሱማ እናቱን አይለቅም፤ ይኸው እስክትወልድ ድረስ ሲጠባት ነበር» አሉ፣ ጥያቄው እንግዳ እየሆነባቸው። ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በሰው ዘንድ ልጅ በማኅፀን ሳለ ከእናት የሚተላለፍለት የበሽታ መከላከያ በላም የእንግዴ ልጅ በኩል አያልፍም። ጥጃ ሲወለድ ባዶ እጁን ነው። መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው፤ አንጀቱ ይህን ለመቀበል ክፍት የሚሆነው ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ሲሆን ከሁሉም የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ናቸው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያው ቀን 2 ሊትር ያህል እንገር ሊደርሰው ይገባል። እንገሩ ግን በወሊድ ቀን ድንገት አይመጣም። ላሟ ከመውለዷ በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ ሳምንታት መከላከያውን ከደሟ እየቀዳች ግቷ ውስጥ ታከማቻለች። የአምናው ጥጃ በእነዚያ ሳምንታት ሲጠባ ያንን ክምችት ነው የሚጨርሰው። ለእሱ ምንም አይፈይደውም፤ አንጀቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ለአዲሱ የሚተርፈው ቀጭን ወተት ነው። በዚህ ላይ እንገሩን አፍልቶ መብላት የሚወድ ቤተሰብ ሲጨመርበት ጥጃው ምን ይዞ ይቆማል?

ላሟም ትጎዳለች። ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ግቷ ካላረፈ በሚቀጥለው ወቅት የምትሰጠው ወተት ይቀንሳል። ጥርሱ የጠነከረ ወይፈን ጡቷን ያቆስላል፤ ቁስሉ የጡት በሽታ ያስከትላል፤ ከአራቱ ጡቶች አንዱ ከተደፈነ አይመለስም።

ስለ መፍትሔው ስንነጋገር መጀመሪያ የሚነሳው እሾህ ነው፤ በጥጃው አፍንጫ ላይ ይታሰርና ሲጠጋ ላሟን ይወጋታል፣ እሷም ትመታዋለች። እኔ አልመክረውም። የተራበ ጥጃ በኋላ እግሮቿ መሃል ገብቶ መጥባትን ይማራል፤ የሚቆስለው ግቷ ነው። እበት መቀባትም ለአንድ ሁለት ቀን ነው የሚሠራው፤ በዚያ ላይ ልትወልድ በተቃረበች ላም ጡት ላይ እበት መለጠፍ አዲሱ ጥጃ በመጀመሪያ ጉርሻው ቆሻሻ እንዲውጥ ማድረግ ነው። ከእሾሁ የሚሻለው አፉን የሚከልል ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ አፍንጫውን ሳይበሳ ይንጠለጠላል፤ ጥጃው አንገቱን ሲደፋ ይግጣል፣ ውኃ ይጠጣል፤ ቀና ብሎ መጥባት ግን አይችልም። ሄሌይ፣ ቤይሊና ስቱኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መጀመሪያ በዚህ መንገድ መጥባት የተከለከሉ፣ ከቀናት በኋላ ከእናታቸው የተለዩ ጥጆች በአንድ ጊዜ ከተለዩት ጋር ሲነጻጸሩ ጩኸታቸው ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ የሚበሉበት ጊዜም ረዝሟል። ዕቃው በመሐል ሜዳ ከተማ ገበያ አይገኝም፤ ጠርዙ ተሞርዶ ከለሰለሰ ግን ከጀሪካን ቁራጭ ሊሠራ ይችላል።

ከሁሉም የሚበልጠው መለየት ነው። አንድ በረት ላለው ቤት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጎረቤታሞች ጥጃ እንዲለዋወጡ እመክራለሁ፤ የእርስዎ ወይፈን እነሱ ዘንድ ይደር፣ የእነሱ ጊደር እርስዎ ዘንድ። መለዋወጡ ለሁለት ወር ነው። ነገር ግን የተለየው ጥጃ ሳይበላ መለየቱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ጥቂት ድርቆሽ፣ ከተገኘ ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ፣ የሚልሰው አሞሌ፣ የቤት አተላ ይቅረብለት።

በከተማው ዳር የተዳቀሉ ላሞችን የያዙ ቤቶች ችግር ትንሽ ይለያል። እዚያ ጥጃው ከእናቱ ተለይቶ በባልዲ ይጠጣል፤ ወተቱን በደቂቃ ያገባዋል፤ የመጥባት ፍላጎቱ ግን ወተቱን ከቀመሰ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። ስለዚህ የጓደኛውን ጆሮ፣ እምብርት፣ ግት ይጠባል። ይህን በማጥናት የሚታወቁት አን ማሪ ደ ፓሲዬና ጄፍሪ ረሽን ናቸው፤ ከወተቱ በኋላ ባዶ የጎማ ጡት የተሰጠው ጥጃ ፍላጎቱን እዚያው ይወጣል። ልማዱ ካልተገታ ካደጉም በኋላ ጊደሮች ጊደሮችን ይጠባሉ፤ ገና ሳትወልድ ጡቷ የጠፋ ጊደር አይቻለሁ፤ ባለቤቷ የሚያውቀው በመጀመሪያው አለባ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ የማዳቀል ባለሙያዎችም ጭምር፣ ላም ማርገዟን ባረጋገጣችሁ ቁጥር የአምናው ጥጃዋ የት እንደሚያድር ጠይቁ፤ መልሱንም መዝግቡ። ላም ያላችሁ ሁሉ ደግሞ፣ ሰባተኛ ወሯ ሳያልፍ ጥጃውን ከእሷ ለዩ፤ ቦታ ከሌላችሁ ጎረቤታችሁን አሁኑኑ አነጋግሩ።