መድኃኒት ቢጎዳዎ ብልቃጡን አይጣሉ

የተበከለ መድኃኒት ሰው ሲጎዳ ብዙዎቻችን «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብለን እንተወዋለን። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ2022 እ.ኤ.አ. በጋምቢያ ከሕንድ የመጣ የሳል ሽሮፕ ዳይኢትሊን ግላይኮል በሚባል መርዝ ተበክሎ ስለነበር ቢያንስ 66 ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ። አንዳንድ ወላጆች በ2023 እ.ኤ.አ. አምራቹን፣ አስመጪውንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ከሰሱ።

በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ደንቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ካሳ እንዲከፍል ያዛል። ነገር ግን ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ አምራቹ ከኃላፊነት ይድናል። ስለዚህ መርፌም ሆነ ሽሮፕ ከመውሰድዎ በፊት ማሸጊያውንና ማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ። ንጹሕ ባልሆነ መርፌ የወጋ ወይም ጊዜው ያለፈበትን የሰጠ ባለሙያም በሙያ ጥፋት ይጠየቃል። ይህ እኛን አዋላጆችንም ይጨምራል፤ ተገቢም ነው።

ዋናው ችግር ማስረጃ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የተወጋችበት ቦታ አብጦ፣ ግሎና መግል ቋጥሮ የምትመጣ እናት ብልቃጡን ጥላዋለች፤ ደረሰኝም የላትም። ከጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ሲገዙ ደረሰኝ ይጠይቁ። ጉዳት ከደረሰ ቀሪውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያስቀምጡ፤ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ከሁሉ አስቀድመው ግን ይታከሙ፣ የሐኪም የጽሑፍ ማስረጃም ይውሰዱ። እርግዝና እንዳይከሰት ሌላ መከላከያ እስኪመርጡ ኮንዶም ይጠቀሙ።

ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 በነጻ ደውለው ያመልክቱ። ጥቆማው ሌሎችን ያድናል እንጂ ካሳ አያስገኝም። የካሳ ክስ የሚቀርበው ለፍርድ ቤት ነው፤ አንቀጽ 2143 እንደሚለው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሻጩ በወንጀል ተከሶ ነጻ ቢባል እንኳ የካሳ ጥያቄዎ አይቀርም። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለዎ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ ሁለቱ ዓመታት ሳያልፉ ባልና ሚስት አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።